አሥራ ሁለት የተጻፈባት ቀጭን ግድግዳ

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ የሸለመኝ ብርድ ልብስ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ነገር ሳቀዘቅዝ ኖሬ በመጨረሻ "እንዳይበርድህ" ተብዬ ተሸኘሁ። ኃላፊው ንግግር ሲያደርግ እኔ ብርድ ልብሱን ገልብጬ ጠርዙ ላይ የተሰፋችውን ቁራጭ ጨርቅ አነባለሁ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

"ምን ትፈልጋለህ? ዋጋውን ነው?"

"ኧረ አይደለም። ሙቀት መያዣ ቁጥሩ፣ አሩ ስንት እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።"

"ጌታ ሆይ! ዛሬ እንኳን?"

ዛሬም። እኔ ግድግዳም ሆነ ብርድ ልብስ፣ ቁጥሩንና የቁጥሩን ስም ሳላነብ ማለፍ ካቆምኩ ቆየሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። በእኔ በወጉ አለማንበብ የተነሳ አንዲት ነርስ ከሥራዋ ልትባረር፣ ስሟም በአገሩ ሁሉ ሊበላሽ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ቀልደኛ ነው ይሉኛል፤ ይሄኛውን ግን እስካሁን ቀልድ ላደርገው አልቻልኩም።

ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው። ገና ነበርኩ፤ ግን ወገቤ ከእኔ ቀድሞ ማመልከቻ አስገባ። ኮምፕረሰር ሲያነሳ የኖረ ወገብ ነው፣ አልፈርድበትም። ሥራዬ ክትባት የሚቀመጥባቸውን ፍሪጆችና የቀዝቃዛ ክፍሎች መትከልና መጠገን ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት። ደመወዙንም ተዉት፣ እሱም ሲተወኝ ነው የኖረው። ነቀምቴ ጀመርኩ፣ ጊምቢ ሄድኩ፣ ሻምቡ ተመደብኩ። ሻምቡ ብርዱ ሌላ ነው። እዚያ መጀመሪያ የተማርኩት ፍሪጅ የሚፈለገው ለማቀዝቀዝ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ አንዳንድ ጠዋት ክትባቱ ከውጭው ብርድ ተጠልሎ እንዳይረጋ የሚያድረው ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ያኔ ፍሪጆቹ በላምባ የሚሠሩ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከላምባ ጋር ስታገል ውዬ ስገባ አከራዬ "አንተ ሰውዬ፣ ክብሪት አጠገብህ አልጭርም" ትለኝ ነበር።

አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ በጣም ደግ ነበር፣ ምንም አያውቅም። አንዱ ብዙ ያውቃል፣ ሰላምታ አይሰጥም። ሥራውን ያስተማረኝ ግን አለቃ ያልነበረ ሰው ነው፤ ኦቦ ዲንሳ፣ የሲሬ ሰው፣ ነቀምቴ ወርክሾፕ ውስጥ የሁላችን ታላቅ።

ኦቦ ዲንሳ የቀዝቃዛ ክፍል ግድግዳ የሚነካው በእጁ ጀርባ ነው። "መዳፍህ ቁልፍ ሲያጠብቅ ደድሯል፣ ይዋሻል፤ ጀርባው ገና ሕፃን ነው" ይላል። በእጁ ጀርባ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ቀስ እያለ ይዳስሳል፣ ልክ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ። መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቅዝቃዜ የሚሰማው ቦታ ካገኘ በጠመኔ ክብ ይሠራል። ያቺ ክብ ያለችበትን ቦታ ፈትተን ስናየው በግድግዳው ውስጥ ያለው መከላከያ አረፋ ወይ ጎድሏል ወይ ውኃ ጠጥቷል። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።

ደብተሩ ደግሞ ጉድ ነው። ሰው ሁሉ ቁጥር ጽፎ ከኋላ መለኪያውን ያስከትላል፤ እሱ መለኪያውን አስቀድሞ ነው ቁጥሩን የሚጽፍ። "ሜትር፣ ሦስት። ዲግሪ፣ አምስት።" ሥራ የጀመርኩ ቀን የአንድ ግድግዳ ውፍረት ለካ ብሎ ላከኝ።

"ስንት ነው?" አለኝ ስመለስ።

"አሥር።"

"አሥር ምን? አሥር በግ?"

ወርክሾፑ በሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ማንም ሰው ቁጥር በባዶው ከጠራ "ምን? በግ?" መባል ወግ ሆነ።

የሙቀት መከላከያ መለኪያዎችን ያስረዳኝም እሱ ነው። ሦስት ፊደሎች ናቸው፤ ኬ፣ አር እና ዩ። መጽሐፉ ላይ ሳያቸው ሦስቱም ተመሳስለውብኝ ጭንቅላቴ ዞረ። ኦቦ ዲንሳ የለበሰውን ጋቢ ጫፍ ያዘና አሳየኝ።

"ስማ ታኬ። ኬ የጥጡ ጠባይ ነው። ጥጥ ጥጥ ነው፣ ብዙም ሆነ ትንሽ ጠባዩ አንድ ነው። ኬው ትንሽ ከሆነ ሙቀት አያሳልፍም። አር ግን የተሠራው ልብስ ነው። ከዚያው ጥጥ ነጠላም ጋቢም ይሠራል፤ ጋቢው ስለሚወፍር አሩ ትልቅ ነው። ገባህ?"

"ገባኝ። ዩስ?"

"ዩ ደግሞ የሚሾልከው ነው። አር ሲበዛ ዩ ያንሳል። አር ሲበዛ ደስ ይበልህ፣ ዩ ሲበዛ አልቅስ።"

ከዚያ ጠመኔ አንስቶ መሬት ላይ አራት ማዕዘን ሣለ። "አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ። አንድ ዋት ሙቀት ብቻ እንዲያልፍበት በውጭና በውስጥ መካከል ስንት ዲግሪ ልዩነት ያስፈልጋል? ያ ቁጥር አር ነው። አራት ዲግሪ ካስፈለገ አር አራት። አለቀ።"

ቀጥሎ ያለኝን ግን ጆሮዬ ሰማው እንጂ እኔ አልሰማሁትም። "ወረቀት አትመን" አለኝ። "ግድግዳው ሲመጣ ውፍረቱን በሜትር ለካና ለአሩ አካፍለው። ኬውን ይሰጥሃል። የደህና አረፋ ኬ ሁለት መቶኛ ምናምን ነው፤ ያልተነቃነቀ አየር ራሱ እዚያው አካባቢ ነው። ከዚያ በጣም ያነሰ ቁጥር ካወጣህ አንዳችሁ ዋሽታችኋል። ወይ ወረቀቱ፣ ወይ አንተ።"

ዓመታት አለፉ። ኦቦ ዲንሳ ጡረታ ወጥቶ ሲሬ ገባ። እኔ የወርክሾፑ ታላቅ ሆንኩ፤ ሆዴም አብሮ አደገ። በዚህ መሀል ለአንገር ጉቲን የቀዝቃዛ ክፍል ተፈቀደ። ጉቲን ቆላ ነው። ሙቀቱ በሶ ያበስላል። በዙሪያው ላሉት መንደሮች ክትባት በየሳምንቱ ከነቀምቴ በበረዶ ሣጥን እየተጫነ ነበር የሚሄደው፤ መንገዱ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ክፍሉ ሲፈቀድ እኔ ነኝ ያለ ሁሉ ተደሰተ።

ግድግዳዎቹ ከባሕር ማዶ በእርዳታ መጡ። የኛ ሠነድ የሚጠይቀው አር ከአራት የማያንስ ነው። ካርቶኑ ላይ የታተመው ግን አሥራ ሁለት! እኔ ከአዲስ አበባ ጭነቱን አጅቤ ስመጣ መንገዱን ሙሉ ስዘፍን ነበር። አራት ለምነን አሥራ ሁለት ሰጡን።

ሲሬ ስንደርስ መኪናውን አስቁሜ ኦቦ ዲንሳን አስጠራሁት። ለማሳየት ነው፤ እውነቱን ለመናገር፣ ለመኩራራት። ሽማግሌው በመከራ መኪናው ላይ ወጣ። ግድግዳውን በጣቶቹ ለካ።

"ቀጭን ናት" አለ።

"አምስት ሳንቲ ናት።"

"በእኛ ጊዜ እጥፏ ነበረች።"

"ኦቦ ዲንሳ፣ ዘመኑ ተለወጠ እኮ! ቀጭን ብትሆንም አሥራ ሁለት ናት!"

"አሥራ ሁለት ምን?"

"አሥራ ሁለት በግ!" አልኩት።

የከባድ መኪናው ሾፌር በሳቅ ተንከተከተ። ኦቦ ዲንሳም ሳቀ፤ የራሱን ቀልድ መልሼለት ምን ያድርግ። ሲወርድ ግን ትከሻዬን ይዞ "ኬዋን አውጣ፣ ኢልማ ኮ" አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው። "አወጣለሁ" አልኩ። አላወጣሁም።

ክፍሉን ተከልን። ምርቃቱ ላይ በግ ታረደ፣ አንድ ብቻ። እኔም ሠንጠረዤን ሠርቼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ መብራት ቢጠፋና በሩ ሳይከፈት ቢቆይ ክፍሉ ከአራት ዲግሪ ተነስቶ ስምንት እስኪደርስ ሠላሳ ሰዓት ይወስዳል። ክትባት ከስምንት ዲግሪ ካለፈ፣ በላይ አካል ተጣርቶ እስኪፈቀድ ድረስ ለማንም አይሰጥም። ሠላሳ ሰዓት ማለት ደግሞ አንድ ቀን ከሩብ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጄኔሬተር አይደለም ግድብ ይጠገናል ብዬ ፎከርኩ።

ክፍሉን የምትጠብቀው ሲስተር ዘምዘም ናት። ወላጆቿ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው ጉቲን የሰፈሩ ናቸው፤ እሷ እዚያው ተወልዳ፣ ነቀምቴ ተምራ፣ ተመልሳ እዚያው የምትሠራ ነርስ። ንግግሯ አጭር፣ መዝገቧ ንጹሕ።

እንግዲህ ያ ቀን መጣ። በማግስቱ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ሊጀመር ክፍሉ እስከ አፉ ሞልቷል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲስተር ደወለች።

"ጋሽ ታከለ፣ ጄኔሬተሩ እምቢ አለ። ባትሪው ሞቷል።"

"ምንም አይደል፣ ባትሪ ይዤ እመጣለሁ። በሩን ብቻ እንዳትከፍቺ።"

ነቀምቴ ላይ ባትሪ ማስፈቀድ ሦስት ፊርማ ነው። እሱን ስሯሯጥ አራት ሰዓት ላይ ደግማ ደወለች።

"ጋሽ ታከለ፣ የጤና መኪናው ወደ ነቀምቴ ሊወጣ ነው፣ ባዶውን ነው። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን እያደረግሁ ልጫነው? የቻልኩትን ያህል?"

"ኧረ ሲስተር፣ አንቺ ደግሞ! ሠንጠረዡ አጠገብሽ አለ አይደል? ሠላሳ ሰዓት ይላል። ነገ ከሰዓት ድረስ ብትተኚም ይቆይሻል።"

"እሺ፣ እርስዎ ካሉ" አለች። መኪናው ወጣ።

እኔ አራት ተኩል ላይ ተነሳሁ። ሾፌሬ ፉፋ ይባላል፤ አርባ ዓመት የሞላው፣ ከአፉ የማይወጣ ነገር የሌለ ሰው። ቀስ ብለን ነው የምንሄደው። መንገድ ላይ ያ የጤና መኪና ከፊት ለፊታችን መጣ፤ ኋላው ላይ ክትባት በሚጫንበት ቦታ ማንጎ የሞላ ማዳበሪያ ተደርድሯል። ሾፌሩ መብራት አበራልን፣ እኛም እጃችንን አውለበለብን።

አምስት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

"ጋሽ ታከለ፣ ስድስት ዲግሪ ገብቷል።"

"ሊሆን አይችልም። በሩን ከፍተሻል።"

"ወላሂ አልከፈትኩም።"

"እንግዲያው ቴርሞሜትሩ ነው የተበላሸው። ስመጣ አየዋለሁ።"

ዘግቼ ለኃላፊው ደወልኩ፤ ሪፖርት ማድረግ ግዴታ ነው። "ምን ሆኖ ነው የሞቀው?" ሲለኝ ምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሳለሁ። "ሲስተር በሩን ከፍታው ይሆናላ" አልኩት። እንዲህ በዋዛ። እያዛጋሁ።

መንገዱ መሀል ያለችው ኡኬ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ነበር። ምሳ ብለን ቆምን። ጥብስ አዘዝኩ፤ ልብ በሉልኝ፣ ጥብስ። ምግቡ እስኪመጣ ድረስ ስለ ቴርሞሜትሩ መበላሸት ማስታወሻ ልጽፍ ብዬ የክፍሉን ፋይል ገለጥኩ። የግድግዳው ሰርተፍኬት ከላይ ነው። አሥራ ሁለት የምትለዋ ቁጥር ደምቃ ተጽፋለች። ከሥሯ ጉንዳን የምታክል ጽሑፍ አለች፤ መነጽሬን አደረግሁ። ካሬ ጫማ ይላል። ፋራናይት ይላል። ሜትርም የለ፣ ዋትም የለ።

እናቴ ሲሬ ገበያ በቆሎ ስትሸምት ዋጋ ከመጠየቋ በፊት የነጋዴውን ጣሳ ገልብጣ ቂጡን ታይ ነበር። ቂጡን ወደ ውስጥ የደቆሰ ነጋዴ አለና። "ስንት ጣሳ ማለት ሞኝነት ነው፣ በማን ጣሳ በል" ትል ነበር። የእሷ ልጅ፣ የኦቦ ዲንሳ ተማሪ፣ የወርክሾፑ ታላቅ፣ ጣሳውን ሳልገለብጥ ክፍል ሙሉ ክትባት ሰፈርኩበት።

ብዕሬን አውጥቼ አካፈልኩ። አምስት ሳንቲ ማለት አምስት መቶኛ ሜትር ነው። ለአሥራ ሁለት ሲካፈል፣ አራት ሺህኛ። ከአየር ስድስት እጥፍ የሚበልጥ አረፋ! እንደዚህ ያለ አረፋ ጌታ አልፈጠረም። ፋይሉ መጨረሻ ላይ የመለኪያ መለወጫ ገጽ ነበረ፤ በጫማና በፋራናይት የተሰጠ አር ወደኛው ሲመጣ ለአምስት ነጥብ ሰባት ይካፈላል። አሥራ ሁለት ለአምስት ነጥብ ሰባት፣ ሁለት ነጥብ አንድ። አራት የተጠየቀው ግድግዳ ሁለት ነው። ሠላሳ ሰዓት ያልኩትም ለአምስት ነጥብ ሰባት ይካፈላል፤ አምስት ሰዓት ከሩብ። መብራት የጠፋው ሦስት ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ሁሉም ነገር ያልቃል።

ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ተኩል።

"ፉፋ፣ ተነስ።"

"ጥብሱ መጣ እኮ ጋሼ፣ ያውና..."

"ተነስ አልኩህ!"

ፉፋ በሃያ ዓመት ውስጥ ምግብ ትቼ ስነሳ አይቶ አያውቅም። ፊቴን አየና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቁልፉን አነሳ። ስልክ ሞከርኩ፣ ኔትወርክ የለም። እንደገና፣ የለም። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጭንቅላቴ ጣራውን ይመታል፣ እኔ ስልኩን ወደ መስኮት አውጥቼ እንደ እብድ አወዛውዛለሁ። "ኮረብታዋ ላይ ይኖራል" አለኝ ፉፋ። ኮረብታዋ ላይ ስንወጣ ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ ነው። ጠራ።

"ሲስተር! በሩን ክፈቺ! የቻልሽውን ያህል ወደ በረዶ ሣጥን አውጪ!"

"ስድስት ከአሥር ላይ ከፍቻለሁ" አለች። ድምጿ ከሩቅ ነው፣ የሣጥን መክደኛ ሲንኳኳ ይሰማል። "የፖሊዮ ጠብታውን አስቀደምኩ፣ እሱ ነው ሙቀት የማይችለው። አሁን የኩፍኙን እያወጣሁ ነው።"

"ማን ክፈቺ አለሽ?"

"ማንም። ቁጥሩ እየወጣ ነበር። እኔ ሠንጠረዥ አላምንም፣ ጋሽ ታከለ፤ ያየሁትን ነው።"

ጉቲን ሰባት ከአርባ ላይ ገባን። ሲስተር ዘምዘም ያሏትን ስድስት የበረዶ ሣጥኖች ሁሉ ሞልታ፣ አሽጋ፣ በላያቸው ላይ የሰዓቱንና የዲግሪውን ወረቀት ለጥፋለች። በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ስለነበር ክፍሉ ስምንትን አልፏል። ወደ ሣጥን ሳይወጣ እዚያው የቀረው ደግሞ ዘመቻው ከሚያስፈልገው ክትባት አብዛኛው ነበር። ባትሪውን ገጠምኩ፤ ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ሞተ፤ ነዳጁ ውኃ ገብቶበታል። እሱን አጥቤ እስካስነሳው ከሰዓት በኋላው አለቀ። የእጄን ጀርባ ግድግዳው ላይ አደረግሁ። ከውጭ በኩል ቀዝቅዞ ላብ ይዟል። ጠመኔ ቢኖረኝ ክፍሉን በሙሉ በአንድ ክብ እከበው ነበር።

ክትባቱ ታገደ፣ ዘመቻው በአንድ ሳምንት ተራዘመ። ከየመንደሩ ሌሊት ተነስተው ልጅ አዝለው የመጡ እናቶች ተመለሱ። ወሬው ደግሞ ከእነሱ ቀድሞ ቤታቸው ገባ፤ "ዘምዘም መድኃኒቱን አበላሸችው።"

ነቀምቴ ላይ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። እስኪሰበሰብ ሦስት ቀን ፈጀ። እኔ በእነዚያ ሦስት ቀናት ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ምንም። ዝም አልኩ። ለጡረታዬ የቀረኝን ዓመታት ቆጠርኩ። ባለቤቴ "ምን ሆነሃል? አትቀልድም እኮ" ስትለኝ ጥርሴን ነው አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ደረጃው ላይ አገኘኝ። ክፉ ሰው አይደለም።

"ታከለ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። መዝገቡ በሩ ስድስት ከአሥር ላይ መከፈቱን ያሳያል። አንተም በስልክ ነግረኸኛል። ገብተህ ብዙ አታውራ። እሷ ልጅ ናት፣ ሌላ ሥራ ታገኛለች።"

ገባሁ። አምስት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ። ሲስተር ዘምዘም በሩ አጠገብ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ መዝገቧን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ፊቷን ብታዞርብኝ ይሻለኝ ነበር። ለእኔ ያለችውን ሰላምታ ለሌሎቹም እኩል ነው ያካፈለችው።

ኃላፊው አነበበ። በር ተከፈተ፣ ሙቀት ገባ፣ ክትባት ታገደ። "የምትጨምረው አለ?" አለኝ።

"አለኝ" አልኩ። "እኔ ጋቢ አዝዤ ነጠላ ነው የሰቀልኩት።"

የንብረት ክፍሉ ሰው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ምን? ኦቦ ታከለ፣ ቀልዱን ለሌላ ቀን አድርገው።"

"ቀልድ አይደለም። ግድግዳው አሥራ ሁለት ነው ብዬ ተከልኩ። ሁለት ነው።"

"ወረቀቱ አሥራ ሁለት ይላል እኮ!"

"ይላል። በእነሱ መለኪያ አሥራ ሁለት፣ በእኛ ሁለት።"

"ታዲያ አሥራ ሁለት ነው ወይስ ሁለት? አንዱን ተናገር።"

"ገበያ ትሄዳለህ አይደል? የትንሹ ጣሳ አሥራ ሁለት በትልቁ ሁለት ቢሆን እህሉ ዋሸ ትላለህ?"

"እህሉ አይዋሽም።"

"የተሳሳተው ማነው?"

"ጣሳውን ያላየው ነዋ!"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

የሙቀት መዝገቡን ወረቀት ዘረጋሁላቸው። "ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ከአሥር በሩ ዝግ ነው፣ እዩት። በዝግ በር ከአራት ዲግሪ ተነስቶ ስድስት ተኩል ሊገባ ነው። እኔ ባሰላሁት ቢሆን አራት ተኩል እንኳን ባልደረሰ። ሙቀቱ የገባው በበር አይደለም፣ እኔ ባቆምኩት ግድግዳ ነው። አራት ሰዓት ላይ በመኪናው ልጫን ስትለኝ የከለከልኳት እኔ ነኝ። በሩን ስትከፍት የተረፈውን ለማትረፍ ነው፣ ያለ እሷ ስድስቱ ሣጥንም አይኖርም ነበር። በሩን ከፍታ ይሆናል ብዬ የደወልኩትም ሳላይ፣ ሳልጠይቅ ነው።"

"ይህን በጽሑፍ ታደርገዋለህ?" አለ ኃላፊው ቀስ ብሎ።

እዚያው ጻፍኩ። መለኪያውን አስቀድሜ፣ ቁጥሩን አስከትዬ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ከተከላ ሥራም ተነስቼ ጥገና ብቻ እንድሠራ ተደረግሁ፣ እስከ ጡረታዬም በዚያው ቀረሁ። ይገባኝ ነበር። ግድግዳው ላይ በዚያው ሰሞን ሌላ ግድግዳ ተደረበ። እሱን የደረቡት ሌሎች ናቸው፣ እኔ መሰላል ያዝኩ።

ሲስተር ዘምዘም ከስብሰባው ስትወጣ ደረጃው ላይ ጠበቅኳት። ይቅርታ ጠየቅኳት። ታመሰግነኛለች ብዬም ሳልጠብቅ አልቀረሁም፤ ሰው አያፍርም።

"ጋሽ ታከለ" አለችኝ፣ "ለአምስት ሰው ተናግረዋል። ጉቲን ውስጥ ስሜን የሚያነሳው አምስት ሰው አይደለም።"

"ምን ላድርግ?"

"የሚመጣው ሳምንት ይምጡ።"

ሄድኩ። ዘመቻው ሲጀመር ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ እናቶች ተሰልፈዋል፤ ግን ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ከተሰለፉት ይበዛሉ። ልጆቻቸውን አዝለው ያያሉ፣ አይገቡም። አንድ ወንበር ላይ ወጣሁ። ለሠርግ ንግግር የሚጠሩኝ ሰውዬ፣ መጀመሪያ የምለው ጠፋኝ።

"እናቶች" አልኩ፣ "ባለፈው የተመለሳችሁት በሲስተር ዘምዘም ጥፋት አይደለም። የመድኃኒቱን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ። ቁጥር ሳላጣራ ቀጭን አድርጌ ሠራሁት። ቤቱ ሞቀ። እሷ ነቅታ የተቻላትን አዳነች። የተጠራጠረችውን ደግሞ ለማንም ልጅ አልሰጠችም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ከአጥሩ ውጭ ጠና ያሉ ሴትዮ፣ የልጅ ልጃቸውን ያዘሉ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"አሁን ያመጣችሁት ደህና ነው?"

"ደህና ነው፣ እማማ! አሁን ግድግዳው በደንብ ተደርቦ..."

"አንተን ማን ጠየቀህ?" አሉኝ።

ሰው ሳቀ። ሴትዮዋ አልሳቁም። በበሩ ገብተው፣ ሰልፉን አልፈው፣ ቀጥ ብለው ሲስተር ዘምዘም ፊት ቆሙ።

"አንቺ አይተሽዋል?"

"አንድ በአንድ አይቼዋለሁ፣ እማማ።"

ሴትዮዋ አንቀልባውን ፈቱና የሕፃኑን ክንድ ገለጡ። ከአጥሩ ውጭ የነበሩትም አንድ ሁለት እያሉ መግባት ጀመሩ። እኔ ከወንበሩ ወርጄ የበረዶ ሣጥኑን ተሸከምኩና ከሲስተር ኋላ ቆምኩ፤ "ክፈት" ስትለኝ ከፈትኩ፣ "ዝጋ" ስትለኝ ዘጋሁ።